በረኛው ያቀብል ወይስ ይጠልዝ?

ደርቢ ሲቃረብ ወሬው ሁሉ ስለ አጥቂ ነው፤ ማን ያገባል፣ ማን ተጎድቷል፣ ማን በካርድ ይቀራል። እኔ ግን ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ሲገናኙ መጀመሪያ የማየው በረኞቹን ነው። የመጀመሪያው የመልስ ምት ሲሰጥ በረኛው ኳሷን የት እንደሚያስቀምጣት፣ ሁለቱ የመሀል ተከላካዮች ወዴት እንደሚሄዱ፣ የተጋጣሚ አጥቂዎች ምን ያህል ተጠግተው እንደሚቆሙ ካየሁ፣ አሰልጣኞቹ ሳምንቱን ሙሉ ምን ሲያዘጋጁ እንደሰነበቱ ግማሹን አወቅሁ ማለት ነው። ቀሪውን ግማሽ ዘጠናው ደቂቃ ይነግረኛል።

የሸገር ደርቢ እየደረሰ ነው። በቤታችሁ ኳስ የማይከታተል ሰው ካለ በአጭሩ እንዲህ በሉት። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ከመግባቱ ከጥቂት ወራት በፊት አራዳ ላይ የተመሠረተ፣ የአገሪቱን ሻምፒዮንነት ከማንም በላይ ደጋግሞ ያገኘ ክለብ ነው። ኢትዮጵያ ቡና በ1968 ዓ.ም. የቡና ሠራተኞች ቡድን ሆኖ ተነሳ፤ ጎልማሶቹ እስከ ዛሬ ድረስ «ቡና ገበያ» የሚሉት እሱን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ መሪነት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ከተማዋ ምን ትመስል እንደነበር የቡና ደጋፊ የሆነ ጎረቤት ካላችሁ ጠይቁት፤ ብቻ ጊዜ ይኑራችሁ። ፈረሰኞቹና ቡናማዎቹ ዕድሜያቸው በ40 ዓመት ይራራቃል፤ ሰፈራቸው ግን አንድ ነው፣ አንዳንዴም ቤታቸው አንድ ነው።

ስለ በረኛ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በሰፈራችን ሜዳ ከ13 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን አሰለጥናለሁ። ደመወዝ የለውም፤ ከኳሶቹም ግማሾቹ ተሰፍተው የዳኑ ናቸው። በረኛዬ 12 ዓመቱ ነው። እጁ ጥሩ ነው፣ እግሩ ደግሞ ከእጁ ይሻላል። ስለዚህ ኳስ ሲያገኝ ቀና ብሎ እንዲያይና ለቅርብ ጓደኛው እንዲያቀብል አስተምረዋለሁ። በቅርቡ ከጎረቤት ሰፈር ጋር ስንጫወት ለተከላካዩ ያቀበላት ኳስ ተቆረጠች፤ ገባች፤ 1 ለ 0 ተሸነፍን። አባቱ ከመስመሩ ዳር ቆሞ ጨዋታውን ሙሉ «ጠልዘው! ጠልዘው!» ሲል ነበር የዋለው። ሲያልቅ ወደ እኔ መጣ። «ኮች፣ የበረኛ ሥራው ኳስ ማራቅ ነው። እባክዎ ልጄን የሰው መሳቂያ አያድርጉብኝ» አለኝ። አልጮኸም፤ የጮኸ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜ ልጁ አልመጣም። እናቱ ደወለች። «ቲቸር፣ ጓንቱን አልጋ ሥር ከቶታል። አባቱ ‹እንደ ድሮው ካልተጫወተ አይሄድም› ብሏል፣ እሱ ደግሞ ‹እንደ ድሮው ከሆነ አልጫወትም› ብሏል። እኔ መሀል ላይ ቀረሁ» አለችኝ። ነገሩን የሚያባብሰው አባት ከልጅነቱ ጀምሮ የጊዮርጊስ መሆኑ፣ በአዲስ አበባ ስታዲየም ሚስማር ተራ ላይ ያደገ ሰው መሆኑ ነው። እናት የቡና ናት። ስለዚህ በዚያ ቤት የበረኛ ነገር የበረኛ ነገር ብቻ አይደለም። ለሁለቱም አንድ ሐሳብ አቀረብኩላቸው፦ ደርቢውን ሦስታችሁም አንድ ላይ ሆናችሁ እዩት፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ። አባት «እኔ ከቆጠርኩ እሺ» አለ። የሚቆጥሩትን እዚህ የምጽፈው ሌላ ቤትም ይህ ክርክር እንዳለ ስለማውቅ ነው።

በመጀመሪያ ሕጉ። እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ የመልስ ምት የተመታች ኳስ ከሳጥኑ ሳትወጣ ማንም ሊነካት አይችልም ነበር። ሳጥኑ ከግቡ መስመር 16 ሜትር ተኩል ወደ ፊት ይሄዳል። ስለዚህ ተከላካዩ ኳስ የሚቀበለው ከሳጥን ውጪ ነበር፤ ተጋጣሚ አጥቂም እዚያው ጎኑ ቆሞ ይጠብቀዋል። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ሕጉ ተለወጠ። አሁን ኳሷ ተመትታ በግልጽ ከተንቀሳቀሰች በቂ ነው፤ ተከላካዩ ከበረኛው አጠገብ፣ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ይቀበላል። ተጋጣሚው ግን እስክትመታ ድረስ ከሳጥኑ ውጪ መቆየት አለበት። ትንሽ ለውጥ ትመስላለች። ለተከላካዩ ግን ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ሰጠችው፤ በኳስ ሦስት ሰከንድ ብዙ ነው። በ1984 ዓ.ም. በረኛ ከጓደኛው በእግር የተመለሰለትን ኳስ በእጁ እንዳይዝ ከተከለከለ ወዲህ የበረኛን ሥራ እንዲህ የለወጠ ሕግ አላስታውስም።

ልጆቼን ይህን ሳስረዳ መሀል ባልገባ የሚለውን ጨዋታ ነው የምጠቅሰው። አምስት ልጆች ክብ ሠርተው ሁለቱን መሀል ካስገቡ፣ ኳስ የሚያጡት ሰነፍ ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ ነጻ የሆነ ሰው አለ። ሜዳውም እንደዚያው ነው። የተጋጣሚ በረኛ ግቡን ጥሎ አይመጣም፤ ስለዚህ ጫና የሚፈጥሩት ቢበዛ 10 ናቸው። ኳስ የያዘው ቡድን በረኛውን በእግሩ የሚጫወት ሰው አድርጎ ከቆጠረ 11 ነው። አንድ ሰው የሆነ ቦታ ላይ ብቻውን ቆሟል ማለት ነው። ጥያቄው እሱን በጊዜ ማግኘት ነው። በረኛው ኳስ የሚጠልዝ ከሆነ ግን ያንን አንድ ሰው በገዛ እጁ ሰረዘው፤ አየር ላይ ያለች ኳስ የአስር ለአስር ግብግብ ናት።

ኢትዮጵያ ቡና በዚህ አስተሳሰብ ስሙ የገነነው ካሳዬ አራጌ ባሰለጠነባቸው ከ2012 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት ነው። የቀድሞው የክለቡ ተጫዋች ከአሜሪካ ተመልሶ ቡድኑን ሲረከብ አዲሱ የመልስ ምት ሕግ ገና ትኩስ ነበር። በረኛው ለተከላካይ፣ ተከላካዩ ለአማካይ፣ አማካዩ መልሶ ለበረኛ፤ ደጋፊው ልቡ እየራደ ያይ ነበር። አንዳንዱ «ይህ ነው ኳስ» አለ፣ አንዳንዱ ደግሞ «ይህ ሰውዬ በልብ ሕመም ሊገድለን ነው» አለ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ።

ብዙ ሰው ግን አንድ ነገር ልብ አላለም። በ2013 ቡና ሊጉን 2ኛ ሆኖ ሲጨርስ አቡበከር ናስር 29 ግብ አስቆጥሮ ዮርዳኖስ ዓባይ በ24 ግብ ይዞት የቆየውን የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ሰበረ። አቡበከር የሚታወቀው በፍጥነቱና ከተከላካይ ጀርባ በመሮጡ ነው። ታዲያ አጭር የሚቀባበል ቡድን ከጀርባ በሚሮጥ አጥቂ እንዴት ይህን ያህል ተጠቀመ? መልሱ የቅብብሉ ዓላማ ነው። አጭር ኳስ የሚቀባበሉት ለማማር አይደለም፤ ተጋጣሚውን ከቤቱ ለማስወጣት ነው። እሱ ኳሷን ሊቀማ ወደ ፊት በወጣ ቁጥር ከኋላው ሰፊ ሜዳ ይተዋል። ያኔ አንዲት ረጅም ኳስ ብትላክ መጠለዝ አይደለችም፤ አድራሻ ያላት ደብዳቤ ናት። በመጪው ደርቢ ቡና አጭር ሲጫወት ብታዩ ኳሷን ለጥቂት ጊዜ ተዉአትና የጊዮርጊስ ተከላካዮች ከግባቸው ምን ያህል እንደራቁ እዩ። ካልራቁ ቅብብሉ ምንም አላተረፈም፣ ሩብ ሰዓት ቢቆይም።

አሁን ወደ አባትየው ወገን እንምጣ፤ እሱም ባዶ እጁን አይደለም የሚከራከረው። ካሳዬ ከሄደ ወዲያ ቡና አሰልጣኞችን ቀያይሯል፤ ጊዮርጊስም እንዲሁ። የክለብ ጠባይ ግን ከአሰልጣኝ ይልቅ ይቆያል። በእኔ ዓይን ጊዮርጊስ ሲያምርበት ቀጥተኛ፣ ጉልበት ያለው፣ ኳስ በነጠቀ በሦስት ንክኪ ግብ ፊት የሚገኝ ቡድን ነው። በ2014 እና በ2015 ዋንጫውን በተከታታይ ሲወስድ አሸናፊነቱ ከኳስ ቁጥጥር በላይ ከዚህ ነበር የመጣው። እንዲህ ያለ ቡድን አጭር ኳስ መሥርቶ ከሚጫወት ተጋጣሚ ጋር ሲገናኝ ማድረግ የሚችለው ትልቁ ስህተት ኳሷን ተከትሎ መሮጥ ነው። መሀል ባልገባ ውስጥ እንደገባ ልጅ ይደክማል።

ብልህ የሆነ ጊዮርጊስ የሚያደርገው ሌላ ነው። ሁለቱን የመሀል ተከላካዮች ይለቃቸዋል፣ «ያዙት፣ ተጫወቱበት» ይላል። የሚዘጋው ወደ ተከላካይ አማካዩ የምትሄደውን መንገድ ነው፤ ያ ሰው ኳስ አግኝቶ ከዞረ ግማሹ ቡድን ታለፈ ማለት ነው። አማካዩ ሲዘጋ ኳሷ በግድ ወደ መስመር ተከላካዩ ትሄዳለች። እዚህ ነው ወጥመዱ። የመስመሩ ኖራ ራሱ እንደ አንድ ተከላካይ ነው፤ በዚያ በኩል መውጫ የለም። ኳሷ ወደ መስመር ተከላካዩ በምትጓዝበት ቅጽበት የጊዮርጊስ የመስመር አጥቂ፣ የመሀል አጥቂና አንድ አማካይ አብረው ከተነሱ ጫናው ታስቦበታል። አንዱ ብቻ ሮጦ ሌሎቹ ቆመው ካዩ ደግሞ አልታሰበበትም፤ የሮጠው ልጅ ነው የሚደክመው። ምልክቶቹ ለልጆችም ቀላል ናቸው። ኳስ ወደ ኋላ ስትመለስ፣ የመጀመሪያ ንክኪ ስትርቅ፣ ተቀባዩ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ፊቱን ወደ ራሱ ግብ ሲያዞር፤ ያኔ ነው የሚነሱት።

እንግዲህ የአባትየው ክርክር እዚህ ላይ ይከብዳል። በመሀል ሜዳ የጠፋች ኳስ እና በራስ ሳጥን ደጃፍ የጠፋች ኳስ ዋጋቸው እኩል አይደለም። አሥር ጊዜ በጥሩ ሁኔታ አቀብሎ አንዴ የተቀማ በረኛ ሰው የሚያስታውሰው አንዷን ነው፤ ውጤት ሰሌዳውም እንደዚሁ። በሌላ በኩል አሥር ጊዜ ጠልዞ ሰባቱን ለተጋጣሚ የሰጠ በረኛ ማንም አይወቅሰውም። ጥፋቱ ወደ ሌላ ሰው ዞሯል፤ ሰባቱ ኳሶች ተመልሰው መጥተው ተከላካዮቹን ሲያደክሙ የ80ኛው ደቂቃ ግብ «የተከላካይ ስህተት» ተብሎ ይመዘገባል። እኔን የሚያናድደኝ ይህ አቆጣጠር ነው። ወረቀቱን ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ በረኛ ሁለት ዓምድ፦ ረጅም እና አጭር። በረኛው ረጅም ከመታ እስከ አምስት ቁጠሩ፤ ስትጨርሱ ኳሷ የማን ናት? የእሱ ቡድን ከያዛት ምልክት አድርጉ፣ ካልያዛት መስቀል። አጭር ካቀበለ ደግሞ ኳሷ ሳትነጠቅ የመሀል ሜዳውን መስመር ተሻገረች ወይ? ተሻገረች ምልክት፣ ተነጠቀች መስቀል። በሳጥን አቅራቢያ ከተነጠቀች ሁለት መስቀል። ይህን የጨመረው አባትየው ነው፤ ፍርዱ ልክ ስለሆነ ተቀብዬዋለሁ።

ረጅም ኳስ ለሚወድ ቤተሰብም የሚታይ ነገር አለ። ጥሩ ረጅም ኳስ በጭፍን አትላክም። ከመመታቷ በፊት ሦስት ወይም አራት አማካዮች ኳሷ ልትወድቅ ወደምትችልበት ቦታ ይሰበሰባሉ። በቴስታ የተጋጩት ሁለቱ ሰዎች ዋና አይደሉም፤ ከግጭቱ የምትተርፈውን ኳስ የሚለቅመው ነው ዋናው። አሰልጣኞች ሁለተኛ ኳስ ይሏታል። የጊዮርጊስ አማካዮች ቀድመው ተጠግተው ከቆሙ በረኛው መጠለዙ ሳይሆን ማጥቃት መጀመሩ ነው። ተበታትነው ከቆሙ ግን ጠለዘ።

ጨዋታው የት ይደረጋል የሚለው ከሚታሰበው በላይ ለውጥ ያመጣል። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ የአዲስ አበባ ደርቢ ከአዲስ አበባ ውጪ መደረግ ጀመረ። ሁለት የአንድ ከተማ ክለቦች ለመገናኘት ወደ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል መንዳታቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ደጋፊውም ወይ ሌሊት በአውቶቡስ ተጉዟል፣ ወይ ቤቱ ቀርቷል። የአዲስ አበባ ስታዲየም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አዳማና ሐዋሳ 1,700 ገደማ ናቸው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ የተመታች ኳስ ትንሽ ትርቃለች፣ የሚሮጥ ሳንባ ደግሞ ቶሎ ይቃጠላል። ዝቅ ባለ ሜዳ ሳንባው ይተነፍሳል፣ ግን ፀሐዩ አለ። ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳማ ውስጥ ዘጠናውን ደቂቃ ሙሉ ተጠግቶ የሚጫን ቡድን አላየሁም። ሰዓቱ ሙቀት ከሆነ ጫናው በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ይመጣል፣ ከዚያ ይበርዳል፤ ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ለተቀያሪ ተጫዋቾች የሚቀር ሜዳ ሰፊ ነው።

የጎደለው ደግሞ ድምፁ ነው። ካታንጋን፣ ሚስማር ተራን፣ ከማን አንሼን የሚያውቅ ሰው በረኛ ኳስ እግሩ ሥር አድርጎ ሲዘገይ ያ ሁሉ ሕዝብ እንዴት እንደሚያጉረመርም ያውቃል። ያ ጉርምርምታ ራሱ ጫና ነው፤ ተጋጣሚ አጥቂ ሳይጠጋው እንኳ ኳሷን ያስጠልዘዋል። ቡና በ2013 በረኛውን እንደልቡ ያጫወተው በኮሮና ምክንያት ሜዳው ጭር ባለበት ዓመት መሆኑ አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። በሞላ ስታዲየም እንዲያ ለመጫወት ሌላ ዓይነት ልብ ይጠይቃል። የ12 ዓመት ልጅ ከጀርባው የአባቱን ድምፅ እየሰማ ሲሆን ደግሞ ከሞላ ስታዲየም አያንስም።

ስለ ክንፍ ጨዋታ ብዙ አልልም። ሁለቱም ቡድኖች የመስመር ተከላካዮቻቸውን ወደ ፊት መላክ ይወዳሉ፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የላከ ቡድን ኳስ ቢያጣ ከኋላው ሁለት ሰው ብቻ እንደቀረው አስታውሱ። የቆሙ ኳሶች ግን በደርቢ ከሌላ ጨዋታ ይበልጥ ይከብዳሉ። ተጫዋቹ ስለሚፈራ ኳስ ወደ ውጪ ያወጣል፣ ስለሚቸኩል ፋውል ይሠራል፤ ስለዚህ የማዕዘን ምትና ቅጣት ምት ይበዛል። የማዕዘን ምት ሲመጣ ተከላካዮቹ ሰው ይዘው ነው የሚቆሙት ወይስ ቦታ ይዘው? ሰው ከያዙ መጎተትና መገፋፋት ታያላችሁ፣ ዳኛውም ጨዋታውን ያቆማል። ቦታ ከያዙ ደግሞ ከሩቅ ሮጦ የሚመጣውን ረጅሙን ሰው ተመልከቱት፤ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ሮጦ ከመጣ ሰው ጋር ሲዘል አይበልጠውም።

ግምት ስጥ ብትሉኝ፣ የመጀመሪያዋን ግብ ጊዮርጊስ ካገባ ጨዋታው ይዘጋል፤ ወደ ኋላ ተሰብስቦ ቡናን ያለ ሩጫ ሜዳ ያስቀረዋል። ቡና ቀድሞ ካገባ ግን ጊዮርጊስ መውጣት ግድ ይሆንበታል፣ ያኔ ከጀርባው የሚከፈተው ሜዳ የቡና ነው። ስለዚህ ከብዙ ጨዋታዎች ይልቅ እዚህ የመጀመሪያዋ ግብ ከአንድ በላይ ትቆጠራለች።

ሐሙስ ማታ ልጁ በእናቱ ስልክ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ አንድ ለባዶ እየመራን 88ኛው ደቂቃ ላይ ብንሆን ምን ላድርግ?» አለኝ። «ወደ ማዕዘኑ አርቀህ ጠልዝ» አልኩት። ከኋላ የአባትየው ሳቅ ተሰማኝ። ልጁ ቀጠለ፦ «10ኛው ደቂቃ ላይስ?» ሳቁ ቆመ። እናትየው ስልኩን ተቀበለችና ወረቀቱን እንዳሰመረችው ነገረችኝ፤ ግን ዓምዶቹ ሦስት ሆነዋል። ሦስተኛው በእጅ የተወረወሩ ኳሶች ነው። ልክ ናት። በረኛ ተሻጋሪ ኳስ ይዞ ሁሉም ተጋጣሚ ሳጥኑ ውስጥ በቀረበት ሰዓት በእጁ የሚወረውራት ኳስ ከምትጠለዘውም፣ በእግር ከምትቀበለውም ይልቅ አነጣጥራ ትደርሳለች፤ መልሶ ማጥቃት ከዚያ ይጀመራል። በረኛው ኳሷን ይዞ መሬት ላይ ተኝቶ ከቀረ፣ ያቺንም ቁጠሯት፤ በሦስተኛው ዓምድ፣ መስቀል።